ጅምላ የሚወደድበት ገበያ

ዘርትሁን ስለ ንግድ ስታወራ የሚከራከራት አልነበረም። አሁን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር ትገፋለች፤ መርካቶ ሳለች ግን ሳሙናና ሻማ የምታከፋፍል፣ ቸርቻሪው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳላት ሴት ነበረች። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ራሷ ትነግረዋለች። ዊልቸሩ ላይ የተቀመጡት የፈረንጅ ሽማግሌዎች እንኳ በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛዋ ስለ ሳሙና ዋጋ ሰምተው ነው አውሮፕላን የሚሳፈሩት።

ጅምላ ነፍሷ ነው። ሽንኩርት በጆንያ፣ ዘይት በጀሪካን፣ ሶፍት በካርቶን፣ ከጎረቤት ጋር ተጋርታ ካልሆነ አትገዛም። «ብቻውን የሚገዛ ሰው የሌላውን ትርፍ ነው የሚከፍለው» ትላለች። አንድ ጊዜ የመኪና ጎማ በጅምላ ይረክሳል ብላ ሰው አስተባበረች፤ ለካ የመኪኖቹ ልክ ይለያያል፣ ጎማው በረንዳዋ ላይ ከርሞ ጉንዳን ሰፈረበት። እሱም ቢሆን የጎማው ጥፋት ነው እንጂ የጅምላ አይደለም ባይ ናት። ታዲያ እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ይከራከራታል?

ነገሩ የተነሳው በፈረንጆች ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአክሲዮን ገበያው ተንዶ አገሩ ሁሉ ተተራምሶ ነበር። አቧራው ትንሽ ሲበርድ «አክሲዮን እኮ ረክሷል» የሚል ወሬ መጣ። ታክሲ ነጂው ያወራዋል፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው ያወራዋል፣ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ያወሩታል። አክሲዮን ምን እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው፤ ረከሰ የሚለው ቃል ግን ለሁሉም ይገባዋል።

ዘርትሁን ደግሞ የዕቁብ ዳኛ ናት። ዕቁቡ የሚሰበሰበው እሑድ እሑድ፣ ዋይሊ በምትባል የዳላስ ዳርቻ ከተማ፣ አባሏ አስካለማርያም አዲስ በገዛችው ቤት ነው። አንድ እሑድ ዘርትሁን ተነስታ እንዲህ አለቻቸው፦ «ያ የምገፋው ዊልቸር አለ አይደል? የሚሠራው ኩባንያ እዚሁ ቴክሳስ ነው፤ አክሲዮኑም ይሸጣል። ስንት ዓመት ስገፋው አንድ ቀን ጎማው ጮኾብኝ አያውቅም! እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራ ሰው አይከስርም። ምናሴ አካውንት አለው። እያንዳንዳችን ለየብቻ ከገዛን ችርቻሮ ነው። አንድ ላይ ከገዛን ግን ጅምላ ነው፤ ጅምላ ደግሞ ይረክሳል።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አስካለማርያም ብቻ «እርግጠኛ ነሽ ይረክሳል?» አለች።

«አስካለ! እኔን ነው ስለ ጅምላ የምትጠይቂኝ?»

በቃ፣ እዚያው ላይ አለቀ። ገንዘቡ ተሰብስቦ ምናሴ እጅ ገባ።

ምናሴ ታናሽ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ገና እንጭጭ ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስሟን ጠርቷት አያውቅም፣ «እታለም» ነው የሚላት። በዲቪ መጥቶ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አፓርትመንት ይዞ፣ ግሬፕቫይን አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ኦፍ በሆነ ቀን አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። አላበለጸገውም፣ አላደኸየውም፤ ሌላው ኳስ እንደሚያየው ማለት ነው። ረጋ ያለ፣ ሰው ፊት ብዙ የማይናገር፣ ከተናገረም «ማለቴ» እያለ ነገሩን የሚያጓትት ልጅ ነው።

ከዚያ ሰኞ ከሥራ ሊያመጣት ሄዶ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ጠበቃት፤ ገብታ ስትቀመጥ፣ መሪውን እንደያዘ «እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «አራት ሺህ አክሲዮን ባንዴ ልግዛ ካልኩ ይወደድብናል።»

«ምን ይሆናል?»

«ይወደዳል። ማለቴ፣ ኩባንያው ትንሽ ነው፣ ሻጩ ብዙ አይደለም። ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ ገበያው ይሸሻል። ሶ፣ ቀስ እያልኩ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ ልግዛው።»

ዘርትሁን መጀመሪያ ያልሰማች መስሏት ነበር። ከዚያ ሳቀች። «ማን ነው ብዙ ሲገዙት የሚያስወድድ? አብዷል እንዴ?»

«ሰው አይደለም እኮ እታለም። ድሮ አንድ ሰውዬ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ባንዴ ይሸጥልሽ ነበር። አሁን ገበያው አንድ ቦታ መሆኑ ቀርቶ አሥር ቦታ ተበታትኗል፣ የሚሸጡትም ኮምፒውተሮች ናቸው። እያንዳንዱ መቶ መቶ ዘርግቶ ይጠብቃል።»

«እንደ ጉልት? በመደብ?»

«አዎ፣ እንደ ጉልት። አንቺ የመጀመሪያውን መደብ ስታነሺ ብዙ እንደምትፈልጊ ያውቁብሻል። ከዚያ የቀረውን ቀድመውሽ ያነሱና አስወድደው መልሰው ላንቺው ይሸጡልሻል። ዓይንሽን እስክታርገበግቢ ሺህ ጊዜ መግዛትና መሸጥ ይችላሉ።»

«የኒውዮርክ ገበያ! እንደ ጉልት ቲማቲም በመደብ!» ዘርትሁን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ወይ የኔ ልጅ፣ ጭራሽ ኮምፒውተር ደላላ ሆኖ አረፈው? ስማ ምናሴ፣ አንተን ያሳደገህ ምን ይመስልሃል? የሳሙና ጅምላ ነው። ትንሽ ትንሽ የሚገዛ ቸርቻሪ ነው። ባንዴ ግዛ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እንዳታዋርደኝ!»

ልጁም ምን ይበል? እናት የሆነችውን እህቱን በንግድ ነገር አይከራከራት። «እሺ እታለም» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

በማግስቱ ገበያው እንደተከፈተ ገዛው። ማታ ደውላ ስትጠይቀው ድምፁ ሌላ ሆኖባታል። «ተገዝቷል። እሑድ እመጣና እነግራቸዋለሁ» ብቻ አላት። ዘርትሁን እሑድ የሚመጣላትን ምርቃት እያሰበች ተኛች። አይ ዘርትሁን!

እሑድ ዋይሊ ተሰበሰቡ። ምናሴ የግዢውን ዝርዝር ያተመበትን ወረቀት ይዞ ቆመና አማካዩ ዘጠኝ ብር ከሠላሳ አንድ ሳንቲም መጥቷል አላቸው።

ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ወረቀቱ አሰገገ።

«ዘጠኝ ከአሥር አልነበረም እንዴ?» አለች አስካለማርያም። አስካለማርያም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሆስፒታል ሂሳብ ክፍል ነው የምትሠራው፣ ሳንቲም ሲጠፋ እንቅልፍ አይወስዳትም። ወደ ልጇ ዞረች። «ሩሐማ፣ አንቺ አላየሽውም?»

ሩሐማ እዚሁ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ እናቷ እዪልኝ ስትላት ነው ዋጋውን ኮምፒውተር ላይ ስታይ የነበረችው። «ዘጠኝ ከአሥር ነበር። እኔ አይቼዋለሁ፣ ላይክ፣ ልክ በዛ ሰዓት። ከዛ ላይ ወጣ፣ ከዛ ደግሞ ተመለሰ። አሁን ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ነው» አለች።

«ተመለሰ?»

«የስ። እሱ ከገዛ በኋላ ተመለሰ።»

እንግዲህ ይህን ሰምቶ ማን ዝም ይላል? እኛ ልንገዛ ስንል የሚወደድ፣ ገዝተን ስንጨርስ የሚረክስ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አስካለማርያም ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። መቶ በዘጠኝ ከአሥር፤ መቶ በዘጠኝ ከአሥራ አራት፤ ስልሳ በዘጠኝ ከሃያ፤ ደግሞ መቶ፣ ደግሞ አርባ፣ ወረቀቱ እስከ ታች እንዲህ እየተጎራረደ ይወርዳል፤ ዋጋውም እያደር ሽቅብ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መቆራረጥ?» አለች። «እኛ የላክንህ አንድ ግዢ! ቅርጫ ነው እንዴ የምትመድበው?»

ምናሴ ላብ አጠመቀው። «አንዴ ነው የነካሁት። ጣቴን ሳነሳ እንዲህ ተቆራርጦ አገኘሁት። ማለቴ፣ ኮምፒውተሮች አሉ፣ ፈጣን የሆኑ…»

«ኮምፒውተር ሰረቀን እያልክ ነው?»

«አልሰረቀም። ቀደመን ነው እንጂ። ሕጋዊ ነው… እኔም ሙሉ በሙሉ አይገባኝም።»

አይ ምናሴ! «እኔም አይገባኝም» ይባላል? ሌባ እንኳ ከሱ የተሻለ ያስረዳል። ከወዲያ ጥግ አንዱ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብሎ አጉተመተመ። አስካለማርያም ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሃያ አንዷ ሳንቲም የት ገባች? ሌላ ምንም አልጠይቅም። አራት ሺህ ጊዜ ሃያ አንድ ሳንቲም የት ገባ?» አለች። ከዚያ ወደ ዘርትሁን ዞረች። «አንቺ አይደለሽ ጅምላ ይረክሳል ያልሽን?»

ሁሉም ዘርትሁንን አያት።

እሷ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማት ልንገራችሁ። መኪናው ውስጥ የነገራትን ሁሉ አስታወሰች። «አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ባንዴ ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ» ብትል ነገሩ እዚያው ይበርዳል። ነገር ግን ግራ ገብቷታል። በዕድሜዋ ሳንቲም ጠፍቶ ያየችው፣ ሁልጊዜ የሆነ እጅ ውስጥ ነው የተገኘው። ካርቶን ሲጎድል አንድ ሰው አጉድሎት ነው። ሳንቲም እግር የለውም! ኮምፒውተር ዊልቸር አይገዛ፣ ልጅ አያሳድግ፣ ሳንቲም ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ይኼ ልጅ ለምን ዓይኑን ይሰብራል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በዚህ ላይ ነጋዴነቷ አለ። ሰው ሁሉ ፊት «ስለ ጅምላ አላውቅም ነበር» ከምትል ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላታል።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታክሲ ሲነዱ ያረጁ፣ ከስደት ካምፕ ጀምሮ የስንቱን ጠብ ያበረዱ ሽማግሌ ናቸው። «ልጆቼ፣ ሰው በጥርጣሬ አይፈረድበትም። ወንጌሉ አለ። ልጁ እጁን ጭኖ አልወሰድኩም ብሎ ይማልና ነገሩ ይለቅ። መሐላ ይገላግላል።»

«ጥሩ ብለዋል ጋሼ» አሉ ብዙዎቹ። «ይማል። ከማለ አምነናል።»

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ግን አይደለም። አባታቸው ከነገር ሁሉ መሐላ የሚጠሉ ሰው ነበሩ፤ የማለ ልጅ ከእሳቸው ገበታ አይቀርብም፣ እውነትም ቢሆን። ምናሴ አባቱን የሚያስታውሰው በዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የመንጃ ፈቃድ ሲያወጣ እንኳ ለመሐላ ቀኝ እጁን እንዲያነሳ የጠየቁት መስሎት ግራ ተጋብቶ ነበር። ይህን ከዚያ ቤት ከዘርትሁን በቀር የሚያውቅ የለም። ዞሮ እሷን አያት፤ አውጪኝ ማለቱ ነው።

«ማል» አለችው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ ሲወጣ ለራሷም ሌላ ሰው የተናገረ መሰላት።

«እታለም፣ አንቺም?» አላት።

«ንጹሕ ከሆንክ ምን አስፈራህ? ማልና ገላግለን!»

ምናሴ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። «አልምልም» አለ። «የሁላችሁንም ገንዘብ ሙሉውን እመልሳለሁ።» ጋሽ ወልደ ሥላሴን እጅ ነስቶ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ አስካለማርያም ወንበር ላይ ዘፍ ብላ «ካልበላ ለምን ይከፍላል?» አለች። ዘርትሁንም የምታውቀውን አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ልጁ አይደውልላትም፣ ስትደውልም አያነሳም። ሥራ ላይ ዊልቸር እየገፋች ከራሷ ጋር ትሟገታለች። አንዱ ሐሳብ «ያሳደግሽው ልጅ ነው» ይላታል፤ ሌላው «ታዲያ ለምን አልማለም?» ይላታል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ለምን እንዳልማለማ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ውሸታም!» ይላታል። አንዲት አሮጊት በር ሃያ ውሰጂኝ ብላት በር ሠላሳ አድርሳት፣ አሮጊቷ ስትጮህ ነው የነቃችው። አንድ ጊዜማ ገንዘቡን ቢወስድ ይሻል ነበር ብላ ተመኘች። ሌባ ወንድም ይገባል፤ ይቆጡታል፣ ይታረቁታል። ይኼ ግን ምንም አይገባም።

በመጨረሻ ራሱ ደወለ። «ነገ ጠዋት ልሸጠው ነው። ነይና እዪ» አላት። ሺፍቷን ለሌላ ሰው ሰጥታ፣ ባስ የለ ባቡር የለ፣ ለታክሲ ከፍላ አርሊንግተን ሄደች።

አፓርትመንቱ ንጹሕ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር። ሻይ አፈላላት። እንደ እንግዳ ነበር የያዛት፤ ስኳር ስንት ልጨምር ብሎ ጠየቃት፣ ሦስት እንደምትወድ እያወቀ። ከዚያ ወንበሩን ሳበላት።

«አንቺ ነሽ የምትሸጪው።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ?»

«ምንም አይፈልግም። ይኸው፣ አራት ሺህ ብዬ ጽፌዋለሁ። ዋጋው እዚህ ጋ አለ፣ አንብቢልኝ።»

መነጽሯን አደረገች። «ዘጠኝ ከሃያ።»

«ኦኬ። ገዢው በዘጠኝ ከሃያ እገዛለሁ እያለ ነው። እሱን አረንጓዴውን ቁልፍ ንኪው።»

ስንት ዓመት መርካቶ ስትሸጥ የኖረች ሴት ለመሸጥ ፈራች። ምናሴ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ጠረጴዛውም ጋ አልደረሰ። ነካችው።

ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አላየችም። ቁጥሮቹ ተንጫጩ፤ ዶሮዎች መሐል እህል የበተኑ ይመስል። ጣቷን ስታነሳ አልቋል። ዘጠኝ ከሃያ የሚለው የለም። ስምንት ከሰማንያ ይላል። ከሥር ደግሞ መቶ በዘጠኝ ከሃያ፣ መቶ በዘጠኝ ከአሥራ ሦስት፣ ሰባ በዘጠኝ ከአምስት፣ እንዲህ እየተጎራረደ ቁልቁል ይወርዳል።

«እንዴ! ዘጠኝ ከሃያ ብሎ አልነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«እገዛለሁ ያለው ሰውዬ የት ሄደ?»

«መቶውን ገዛና ሄደ። ምናልባትም ሰውዬ አይደለም።»

«ሌሎቹስ? አሁን እዚህ የነበሩት?»

«ሸሹ። አራት ሺህ ይዘሽ እንደመጣሽ አወቁ።»

«ማን ነገራቸው? እኔ ለማንም አልተናገርኩ!» ወደ በሩ ዞራ አየች፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ሰው ቆሞ የሰማት መስሏት ዞራ አየች። ዓይኗ እያየ ዋጋው መልሶ መውጣት ጀመረ። ስምንት ከዘጠና። ዘጠኝ። ዘጠኝ ከስምንት። እሷ ሸጣ ከወጣች በኋላ ገበያው ምንም እንዳልተደረገ ሰው ልብሱን አራግፎ ተቀመጠ።

ዘርትሁን አፏን ይዛ ቀረች። አልገባትም። እኛም ብንሆን አይገባንም። አንድ ነገር ግን እንደ ቀን ግልጽ ሆነላት፦ አረንጓዴውን የነካው የእሷ ጣት ነው፣ ሳንቲሙም ጠፍቷል።

«እታለም» አላት ምናሴ ከግድግዳው ሳይነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሳንቲሙን የት አደረግሽው?»

ተነስታ ልታቅፈው ስትል ወደ ኩሽናው ዞረና ብርጭቆዎቹን ያጥብ ጀመር። «የጎደለውን ካጠራቀምኩት እሞላዋለሁ። እሑድ ቼኩን አንቺ ስጪያቸው፣ እኔ ሥራ ነኝ» አላት ጀርባውን ሰጥቷት።

«እነግራቸዋለሁ! ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ የምናሴ ጥፋት አይደለም እላለሁ!»

«እሺ» አላት።

እሑድ ደረሰ። ዘርትሁን ዋይሊ ስትገባ ከማንም ቀድማ ነው። ቼኩን ለየባለቤቱ ሰጠች፤ እያንዳንዱ ያዋጣው ሳይጎድል ተመልሶለታል። ሰዎቹ ቼኩን እያዩ ፊታቸው ፈካ። እሷ ቁጭ በይ ሲሏት እምቢ ብላ መሐል ቤት ቆመች።

«ስሙኝ» አለች። «ምናሴ ከገንዘባችሁ አንዲት ሳንቲም አልነካም። ባንዴ ከገዛን ይወደዳል ብሎ ነግሮኝ ነበር። ስቄበት፣ ባንዴ ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። ጅምላ እዚያ ገበያ አይረክስም፣ ይወደዳል። እኔ አላውቅም ነበር፤ አላዋቂ ነኝ። እዚህም ቆሜ ማል ያልኩት ለክብሬ ስል ነው።»

ያ ከሚወጣ ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላት የነበረው ቃል ወጣ። እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ አስካለማርያም በለሰለሰ ድምፅ «እሺ ዘርትሁንዬ፣ ታዲያ ሳንቲሙን ማን ወሰደው?» አለቻት።

«አላውቅም።»

«የት ሄደ ነው የሚልሽ?»

«ኮምፒውተሮቹ… እኔ በገዛ እጄ ሞክሬዋለሁ አስካለ! ነካሁት፣ ዘጠኝ ከሃያ ይል የነበረው ወዲያው ስምንት ከሰማንያ ሆነ። መቶ መቶ አድርገው በመደብ… ስትገዢ ይሸሻሉ፣ ስትሸጪም ይሸሻሉ…» እየተናገረች ራሷን ሰማችው። ምናሴ እዚያው ቦታ ቆሞ የተናገረውን ነው የምትናገረው፤ ከእሱም ብሳ «ማለቴ፣ ማለቴ» ትላለች።

ሴቶቹ በሐዘኔታ አዩዋት። አስካለማርያም መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት። «ይገባኛል የኔ እህት፣ ሥጋ ነው። እኔም ወንድሜ ቢሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው። ደግሞ እኮ መልሷል! ስንቱ በልቶ ይጠፋል፣ እሱ ግን መለሰ። እኛም ክርስቲያን ነን። ይቅር ብለነዋል፣ ንገሪው። ዕቁቡ ውስጥ ቦታው አለ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ብድግ ብለው። «ልጁ በመሐላ ስላልዋሸ እኔ አክብሬዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

«ይቅር ይበለው» አለ ቤቱ ሁሉ ባንድ ድምፅ።

«ይቅር አትበሉት!» ዘርትሁን ጮኸች። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይቅር አይበሉት! ምን አድርጎ? ምን አጥፍቶ ነው ይቅር የምትሉት? ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ከፈለጋችሁ እኔን ይቅር በሉኝ!»

«አንቺንማ ምን አድርገሽ?» አለች አስካለማርያም፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችላት። «እህት ነሽ፣ ማን ይፈርድብሻል? ሩሐማ፣ ውሃ አምጪላት።»

ውሃውን ጠጣች። ምን ታድርግ? ከሩሐማ እጅ ተቀብላ ጠጣች፤ እነሱም ደህና ሆናለች ብለው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። አንዱ እንዲያውም እየሳቀ አሁን መሬት ቢገዛስ፣ በጅምላ፣ ሲል ሰማችው።

ወደ በረንዳው ወጥታ ደወለች። ምናሴ አነሳው። ከኋላው የመጋዘኑ ዕቃ ማንሻ፣ ፎርክሊፍቱ፣ ሲንጫረር ይሰማል።

«ነገርሻቸው?» አላት። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ተስፋ ነበረች። ያቺ ተስፋ ናት ዘርትሁንን የገደለቻት።

«ነገርኳቸው። ሁሉንም። ማል ያልኩህን ሳይቀር።»

«አመኑሽ?»

ልትዋሸው ፈለገች። አዎ ማለት ምን ይከብዳል? ግን ነገ ሰው ያገኘዋል፣ ይስመዋል፣ ግድ የለም ወንድሜ ያጋጥማል ይለዋል። ሌላ ሰው ከሚነግረው እኔ ብነግረው ይሻላል አለች በልቧ።

«ይቅር ብለውሃል» አለችው።

ፎርክሊፍቱ ሄደ፣ ተመለሰ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ስሙን ጠራው፤ መጣሁ አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«እሺ፣ ዘርትሁን» አላት።